ክፍልፋይን ከአራዳ ገበያ እንማር

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሂሳብ፣ ይልቁንም ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ስለ መደመር፣ ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በክፍላችን አንድ ተማሪ 1/2 እና 1/4 ደምር ቢባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/6 ሲል ጻፈ። ክፍሉም በሳቅ ሞላ። ያ ተማሪ እኔ ነበርሁ። ደንቡን ወዲያው ነገሩኝ፤ ነገር ግን «ስለ ምን?» ብዬ ብጠይቅ ከሳቁት መካከል አንድም የመለሰልኝ አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ፊደል ካልቆጠሩት ከአያቴ ነው። እናታቸው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይነግዱ የነበሩት ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወደ መርካቶ ከመዛወሩ አስቀድሞ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ዝርዝር ነበረው፤ ይኸውም አላድ የብር 1/2፣ ሩብ 1/4፣ ተሙን 1/8፣ ጊርሽ 1/20 ነበር።

«አንድ አላድና አንድ ሩብ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አላዱን በሩብ መንዝረው፤ ሁለት ሩብ ይሆናል። ከዚያኛው ጋር ሦስት ሩብ ነው» አሉኝ። የጋራ ታሕት ማለት ለካ መመንዘር ነው!

ተሙንና ጊርሽ ግን አንዱ በሌላው ልክ አይመነዘርም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚስማማ ታናሽ ዝርዝር እንፈልጋለን። ብሩን በ40 ብንከፍለው ተሙን 5/40፣ ጊርሽ 2/40 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም 7/40 ነው።

የእኔ 2/6 ስሕተት መሆኑም ያን ጊዜ ታየኝ። 2/6 ማለት ሲሶ ነው፤ ሲሶ ደግሞ ከእኩሌታ ያንሳል። በእኔ ሂሳብ፣ አላድ የያዘ ሰው ሩብ ቢጨመርለት ከቀድሞው ይደኸያል ማለት ነው! ደንቡን ብቻ የሸመደደ ተማሪ በፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ደንቡን የረሳ ዕለት ግን እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያይበት ዓይን የለውም።

ስለዚህ መምህሮቻችን ከደንቡ አስቀድመው ምክንያቱን እንዲያሳዩን በትሕትና እለምናለሁ። ወላጆችም ሲሶና እርቦ የሚሉትን ቃላት በእንጀራው ቁራሽ ላይ ለታናናሾቻችን ያስተምሩልን። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ በተሳሳተ ሰው አትሳቁ፤ «መንዝረው» በሉት። ያ አንድ ቃል ለእኔ ከደንቡ ሁሉ በልጦ ጠቅሞኛልና።