ጊታሩና ባለ እጁ

አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያወጣል ሲባል የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ይደነቃል፤ ቀጥሎም ይስቃል። መደነቁም ሆነ መሳቁ አይፈረድበትም። ፋብሪካ የሠራው ደኅና ጊታር በጥቂት መቶ ዶላር በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ፣ ስድስት ክር ለተወጠረበት እንጨት የመኪና ዋጋ መክፈል ከቅብጠት በቀር ሌላ ስም የሚሰጠው አይመስልም። እኛ ግን ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው፣ ቅብጠት ያለበትን ያህል ቁም ነገርም ያለበት ሆኖ ስላገኘነው፣ አንባቢዎቻችን በዕረፍት ቀናቸው አብረውን እንዲያስቡበት ጥቂት ልንልበት ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤሌክትሪክ ጊታርን ለብዙ ሰው እጅ ካደረሱት ዋነኞች አንዱ ሊዮ ፌንደር የሚባሉ የካሊፎርኒያ ሰው ናቸው። ሚስተር ፌንደር ፉለርተን በምትባል ከተማ ራዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሲሆን፣ የሚያስገርመው ነገር ጊታር መጫወት ሳይማሩ ኖረው በ1991 መሞታቸው ነው። በ1950 ያወጡት ጊታር እንደ ቀድሞው ዓይነት ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ሳይሆን ድፍን እንጨት ነበር፤ አንገቱም በ4 ብሎን ብቻ ከአካሉ ጋር ይታሠር ነበር። አንገቱ የተጣመመበት ሰው ብሎኑን ፈትቶ ሌላ ይተካል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። በዚህ ዘዴ የጊታር ሥራ ለፋብሪካ ይበልጥ የተመቸ ሆነ። ዋጋው ረከሰ፤ ወጣቱም ሁሉ ሊይዘው ቻለ። ይህ ትልቅ ውለታ መሆኑን የማይቀበል ሰው ያለ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ብዛት ሲመጣ ጥንቃቄ ይሸሻል። በ1965 ሚስተር ፌንደር ኩባንያቸውን ሲቢኤስ ለሚባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጡ በኋላ፣ ብዙ ተጫዋቾች የፋብሪካው ሥራ እንደ ጥንቱ አይደለም እያሉ ያጕረመርሙ ጀመር። ከፊሉ በፊት የተሠሩትን ጊታሮች እያሳደደ ይገዛ ጀመር፤ ከፊሉም በልኩ የሚሠራለት ባለ እጅ ፍለጋ ወደ ትንንሽ ወርክሾፖች ሄደ። በ1969 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው አሌምቢክ የሚባለው ወርክሾፕ ከነዚህ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ዛሬ በእጅ እየተሠራ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጠው ጊታር የበቀለው ከዚህ ቅሬታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንግዲህ ባለ እጁ ለዚያ ሁሉ ዋጋ የሚሠራው ምንድን ነው? መጀመሪያ ከእንጨቱ ጋር ይታገላል። እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ዕረፍት የለውም፤ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ አንዱ ጐኑ ከሌላው ሲቀድም ይጣመማል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ሳንቃውን አድርቆ፣ አንገቱን በግርድፉ ጠርቦ፣ ጠባዩን እስኪያሳይ ድረስ ወራት ያስቀምጠዋል። የሚጣመም ከሆነ በሠሪው ወርክሾፕ ይጣመም እንጂ በገዢው እጅ ላይ አይጣመም ብሎ ነው። ፋብሪካ ይህን ያህል ለመጠበቅ ጊዜ የለውም።

ቀጥሎ አንገቱ ላይ በአግድም የሚተከሉት፣ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች ይመጣሉ። ክሩ በ12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን የሚርገበገበው ርዝመት ልክ እኩሌታ ይሆናል፤ የቀሩትም ወደ አካሉ በቀረቡ ቍጥር ርቀታቸው በስሌት እየጠበበ ይሄዳል። ስሌቱን መኪናም ያደርሰዋል። ነገር ግን አንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ቢል ክሩ እየነካው ይንዛዛል፤ የፍሬቱ ጫፍ ሳይሞረድ ከቀረም የተጫዋቹን እጅ ይቧጥጣል። ስለዚህ ባለ እጁ እያንዳንዱን ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል፣ በጣቱ እየዳሰሰ እንደገና ይሞርዳል። ይህ ሥራ በፎቶግራፍ ላይ አይታይም፤ የሚያውቀው ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያደረ ሰው ነው።

ሦስተኛው ፒክአፕ የሚባለው ነው። ይህም ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ሲሆን፣ ከጠጕር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ይህን ተቀብሎ ለአዳራሽ ያሰማዋል። ጥምጥሙ ሲበዛ ድምፁ ይበረታል፤ ነገር ግን ቀጭኑና ጥሩው ድምፅ ይደበዝዛል። የቱን ያህል ጠምጥሞ የት ላይ እንደሚያቆም የሚወስነው የሠሪው ጆሮ ነው።

ይህን ሁሉ ብለን፣ ውድ ጊታር ሁሉ ከርካሹ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል ብንል ግን አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። አካሉ ድፍን በሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር አብዛኛው ድምፅ የሚመጣው ከክሩ፣ ከፒክአፑና ከማጉያው ነው፤ የእንጨቱ ዓይነት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ዛሬም ያከራክራል። ዋጋና ስም ጆሮን እንደሚያታልሉ ደግሞ ከቫዮሊን ሙከራ መማር ይቻላል። በ2010 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ 21 ተጫዋቾች የስትራዲቫሪ ሥራ ያለባቸውን ጥንታዊ ቫዮሊኖችና ዛሬ የተሠሩትን እንዳይለዩ ተደርገው ሲሞክሩ፣ አብዛኞቹ ወደ ቤት ይዘን ብንሄድ ደስ ይለናል ያሉት አዲሱን ነበር።

ሌላም ምስክር አለን። በ1963 እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ የ16 ዓመት ልጅ ሳሉ የሚወዱትን ጊታር የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከአባታቸው ጋር ሆነው ለመሥራት ተነሡ። አንገቱን ከአሮጌ የምድጃ እንጨት ጠረቡ፤ ለክር ማወዛወዣው ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተገኙ ምንጮችን አዋሉ፤ በአንገቱ ላይ ለምልክት የተተከሉት የዛጎል ነጥቦችም ከእናታቸው የስፌት ሣጥን የተወሰዱ ቍልፎች ነበሩ። ክዊን ከሚባለው ጓድ ጋር ዓለምን የዞሩት በዚህ ጊታር ነው፤ በ2002 በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆመው የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር ያሰሙትም በዚሁ ነው። እንግዲህ ጊታርን ጊታር የሚያደርገው ገንዘብ ሳይሆን የሠሪው ትጋት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናገኝም።

ታዲያ ገዢው ሺህ ዶላሮቹን የሚከፍለው ለምንድን ነው? እንደሚመስለን የሚገዛው ድምፅ ብቻ አይደለም። በመዳፉ ልክ የተጠረበ አንገት፣ ከቃኙት የማይወርድ ክር፣ ሲበላሽ ወስዶ የሚያሳየው፣ ስሙን በጊታሩ ራስ ላይ የጻፈና የሚጠየቅበት ሰው ይገዛል። የፋብሪካ ዕቃ ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የባለ እጅ ሥራ ግን ተጠያቂ አለው።

የአሜሪካ ሙዚቀኞች እንዲህ ያለውን ውድ ዕቃ «የጥርስ ሐኪም ጊታር» እያሉ ያፌዙበታል፤ የሚገዛው የሚጫወተው ሳይሆን ገንዘብ ያለው ነው ለማለት ነው። እኛ የጥርስ ሐኪሙን አንነቅፍም። ቀኑን ሁሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ጥሩ ጊታር ቢያነሣ መብቱ ነው፤ ገዢ ከሌለም ባለ እጁ ይራባል። የምንነቅፈው ጊታሩን በመስተዋት ውስጥ ቈልፎ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቀውን ሰው ነው። የማይነካ ጊታር ሳንቃ ነው፤ የሠሪውም ድካም ከንቱ ይቀራል።

ስለ ሠሪው ካነሣን አንድ ታሪክ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ቀድሞ በአሌምቢክ ይሠሩ የነበሩት ዳግ ኧርዊን፣ ግሬትፉል ዴድ ለሚባለው የአሜሪካ ጓድ ጊታር ተጫዋች ለጄሪ ጋርስያ አያሌ ጊታሮች ሠርተዋል። ከነዚህም አንዱ «ተኵላ»፣ ሌላው «ነብር» ይባላሉ። ነብር በ1979 እስኪያልቅ ድረስ 6 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ኮኮቦሎ ከሚባል ጠንካራ እንጨትና ከነሐስ ስለ ተሠራ ክብደቱ 6 ኪሎ ይደርሳል፤ ስሙንም ያገኘው በዛጎል ከተሠራው የነብር ሥዕል ነው። ጋርስያ በነሐሴ 1995 ሲሞቱ ኑዛዜያቸው ቢነበብ፣ ኧርዊን የሠሯቸው ጊታሮች ለኧርዊን ይመለሱ የሚል ተገኘ።

የጓዱ አባሎች ግን ዕቃዎቹ የማኅበሩ ንብረት ናቸው ብለው ተከራከሩ። ነገሩ በ2001 በስምምነት አለቀና፣ በመኪና አደጋ ተጎድተው በችግር ላይ የነበሩት ኧርዊን ተኵላንና ነብርን ተረከቡ። በ2002 በኒው ዮርክ ለሐራጅ ቢቀርቡ ነብር 957,500 ዶላር፣ ተኵላ 789,500 ዶላር አወጡ። በዓለም የታወቀ ተጫዋች ለእጁ ሠሪ ውለታውን በዚህ ዓይነት ሲመልስ ማየት ብርቅ ነው። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ሲሉ ኖረዋል፤ ጋርስያ ተረቱን ባያውቁትም ፈጽመውታል።

ከዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳችን ይመለሳል። «ባለ እጅ» የሚለው ቃላችን እጅ ያለው፣ ሥራ የሚያውቅ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዘመን ለስድብ ስንገለገልበት ኖረናል። ማረሻችንን የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳችንን የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ሥራውን ወደን ሠሪውን ጠልተናል። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ መከልከላቸው፣ ነቀፋው ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ይመሰክራል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም፣ አለማስታወሱ እንዳለ ነው። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር በመድረክ ላይ ሲደመጥ የተጫዋቹን ስም ሁላችንም እንናገራለን፤ የቀረጸውንና ቆዳውን የወጠረውን ግን ማነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ የምንመክረው ሰው ሁሉ ውድ ጊታር ይግዛ ብለን አይደለም። አቅሙ ያልፈቀደለት በርካሹ ይማር፤ ትጋት ካለው ያሳምረዋል። አቅሙ የፈቀደለትም ገዝቶ ይጫወትበት እንጂ አይቈልፍበት። ነገር ግን ጊታርም ይሁን ክራር፣ ጠረጴዛም ይሁን ጫማ፣ በሰው እጅ በደንብ የተሠራ ዕቃ በእጃችን ሲገባ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም ስም እንጠይቅ፤ ስንሸጠውም ሆነ ስናወርሰው ስሙን አብረን እናውርስ። ይህን ያህሉ ማንንም ሳንቲም አያስወጣውም፤ ባለ እጁን ግን ልጁን ሥራውን ለማስተማር ያበረታዋል።