በጎ ፈቃድ በስም ጥሪ?

በቀደም አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ቢሮዬ ድረስ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፍልን» አለኝ። እሱና ጓደኞቹ አሥራ አራት ሆነው ክበብ አቋቁመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእድራችን አዳራሽ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ። ክረምት ሲገባ ቦይ ይጠርጋሉ፣ የአሮጊቶችን ጣሪያ ይጠግናሉ። ያዘዛቸው የለም። ቁልፉን የሰጧቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው።

ታዲያ ምን ሆናችሁ? ስለው ነገሩን ዘከዘከው። አንድ ቀን ስሙን ከማልጠቅሰው ወረዳ ሰዎች መጡ። ባነር፣ ካሜራና ቲሸርት ይዘዋል። ልጆቹም ለበሱ፣ ፎቶ ተነሡ። እዚህ ድረስ ምንም አይደል፤ ቲሸርት ማንን ጎዳ? በሳምንቱ ግን «የአባላት ስም ዝርዝር አምጡ፣ በየወሩ ሪፖርት አድርጉ፣ ሰብሳቢውን እኛ እንመድባለን» መጣ። ከዚያም የቅዳሜው የጥናት ሰዓት ለስብሰባ ተፈለገ። የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል! ከአሥራ አራቱ ዛሬ የቀሩት ስድስት ናቸው።

እንዲህ ያለው በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ አሰማራ። በደስታ የሄደም፣ ደህና ሥራ ሠርቶ የተመለሰም ነበረ፤ እሱን አልክድም። «ፈቃድህ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዛሬ ግዳጁ ቀርቶ ስሙ «በጎ ፈቃድ» ሆኗል፤ የስም መጥሪያው ደብተር ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

በነፃነት የቆመ ክበብ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሮታሪን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ቺካጎ ላይ ጀመረው። ስሙን ያገኘው ስብሰባው በየአባላቱ ቢሮ በተራ ይዞር ስለነበር ነው። የእኛ የጽዋ ማኅበር ከቤት ቤት እንደሚዞረው ማለት ነው፤ ጽዋው ብቻ ነው የቀረው! እነዚህ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ከዓለም እናጠፋለን ብለው ተነሡ። ገንዘብ አዋጡ፣ መንግሥታትን ጎተጎቱ። በየቤቱ እየዞሩ ጠብታውን በልጆች አፍ የጨመሩት እርግጥ የጤና ሠራተኞችና የየአካባቢው ፈቃደኞች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ዋይልድ» የተባለው የፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2006 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከዚሁ ዓይነት ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሮታሪ ለወጣቶችም ሁለት በር አለው። ኢንተራክት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ነው። ሮታራክት እ.ኤ.አ. በ1968 መጣ፣ ከ18 በላይ ላሉት ነው። ሊቀመንበራቸውን ልጆቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ምን እንደሚሠሩም ይወስናሉ። ትልልቆቹ ምክር ይሰጣሉ እንጂ ወንበሩን አይቀሙም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ክበቦቹንም ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የሆቴል ምሳና የእንግሊዝኛ ንግግር ለሰፈራችን ጎረምሳ የተዘጋ በር ነው። ዊልቸር ሲታደል ከዊልቸሩ ይልቅ አዳዩ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶስ ለማን ነው? አንድ ቀን ከራቫታችሁን ፈታችሁ እድር አዳራሻችን ብቅ በሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ይበቃናል።

ሕጉም ቢሆን ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ በጎ አድራጎት ስለ ሕፃናትና ስለ አካል ጉዳተኞች መብት እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። እስቲ አስቡት! ዊልቸሩን መስጠት ይቻላል፤ «ዊልቸሩ የሚገባበት በር ይሠራለት፣ መብቱ ነው» ብሎ መሟገት ግን አይቻልም! ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ የተሻረ ነገር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ለመሻር ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው።

ወረዳው ምንም አያገባውም እያልኩ አይደለም። ገንዘብ ከተሰበሰበ ሒሳቡ ይመርመር። ሕፃናት የሚያስጠና ሰው ማንነቱ ይታወቅ። አዳራሽ ካለ ይከፈት፣ ጠመኔና አምፖል ይሰጥ። ሰብሳቢ መመደብ፣ የቀረ ተማሪ ስም መጻፍ፣ የጥናት ሰዓትን ለስብሰባ መውሰድ ግን ከዚህ ውስጥ የለበትም። ስምንት ልጆች ቤታቸው የቀሩት ሰንፈው አይደለም፤ የራሳቸው የነበረ ነገር የሌላ ሰው ሲሆን ስላዩ ነው።

ጎረምሳው ሲወጣ «የፊታችን ቅዳሜስ?» አልኩት። «በ3 ሰዓት እንጀምራለን፣ ስድስታችን» አለኝ። የእድሩ ዳኛ ቁልፉን እስካሁን ለማንም አላስረከቡም።