ስለ ዕጣን ዛፍ ጥበቃ

ሰብአ ሰገል በቤተ ልሔም ለተወለደው ጌታ ካቀረቡት ሦስት እጅ መንሻ አንዱ ዕጣን መሆኑ በወንጌል የተጻፈ ነው፤ ካህናትም እስከ ዛሬ ድረስ በቅዳሴ ጊዜ ያጥኑታል። ነገር ግን ከጽናው የሚወጣውን መዓዛ የሚያሸት ሰው ሁሉ፥ ሙጫው የሚፈስበት ዛፍ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ አይመረምርም።

የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት የዕጣንን ዛፍ ወገን ቦስዌሊያ ይሉታል። ይህ ወገን በሕንድ፥ በዖማን፥ በሶማሌ አገርና በሶቆጥራ ደሴት ልዩ ልዩ ዓይነት አለው። በኢትዮጵያ በመተማ፥ በሑመራ፥ በአበርገሌና በሌላውም ቆላ የሚበቅለው፥ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው ዓይነት የነጩ ዕጣን መገኛ ነው። በበጋ ቅርፊቱን በጥቂቱ ሲፍቁት ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫውም ሲደርቅ ይለቀማል፤ ከሳምንታት በኋላ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። በመጠን ለሠራበት ሰው ዛፉ ሳይቆረጥ በየዓመቱ ገንዘብ የሚሰጥ ነው። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ዛፉ ለአበባና ለፍሬ የሚያውለውን ኃይል ያጣል፤ ዘሩም ያንሳል።

በ2011 ዓመተ ምሕረት የታተመ ምርመራ በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ዱር ተመልክቶ፥ ከመቶው ከ75 በሚበልጠው ታናናሽ ዛፍ እንዳልተገኘ፥ ነገሩ ካልተለወጠም ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስታውቋል። ይህም ማለት አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን በዕጣን ለቃሚው ላይ ብቻ ይጥላሉ። ፍርዱ ግን ሙሉ አይደለም። ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፥ እሳት ያቃጥለዋል፥ ዱሩም ለእርሻ ይመነጠራል። ለቃሚውም ዱሩን የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ፥ ነገ የሌላ ሰው ለሚሆን ዛፍ የሚራራበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ ሹማምንት የዕጣኑን ዱር ሲሰጡ ዘመኑን ረዘም እንዲያደርጉ፥ የቁስሉን ቁጥርና ዛፉ የሚያርፍበትን ዓመት እንዲወስኑ፥ ቡቃያው እስኪጠነክር ከከብትና ከእሳት የሚከለልበትንም ቦታ ከሕዝቡ ጋር ተመካክረው እንዲለዩ ይገባል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል እንደሚጸድቅ በሙከራ ስለ ታወቀ፥ የዘሩን ማነስ በተከላ ማገዝ ይቻላል። ካህናትም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ታላላቅ ዛፎችን ጠብቀው በማቆየት የታወቁ ስለ ሆኑ፥ በቆላው ያሉት ስለ ዕጣን ዛፍ ይህንኑ ቢያስተምሩ ሕዝቡ ይሰማቸዋል። ለመቅደስ የሚቀርበው ዕጣን መገኛው ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት፥ ለቤተ ክርስቲያንም ለአገርም የሚበጅ አይደለም።