ባለ ኮከቡ መኪናና የሐረጎ ቁልቁለት

ሰሞኑን በኮምቦልቻ ግቢያችን ከመኝታ ክፍል እስከ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት እስከ ወርክሾፕ በር የነገሠው ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ መርሴዲስ። የትኛው ሞዴል ወጣ? ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ስክሪኑ ምን ያህል ይሰፋል? የቴርሞዳይናሚክስን ሁለተኛ ሕግ ሲጠየቅ ጣራ ጣራ የሚያየው ጓደኛችን፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ሙኒክ ላይ የታየው የኤሌክትሪክ «ጂ ኤል ሲ» ፊቱ ላይ 942 የሚበሩ ነጥቦች እንዳሉት ሳይሳሳት ይነግራችኋል። 942! ለምን እንደሚበሩ ጠይቁት። «ያምራላ!» ይላችኋል።

ያምራል። አያምርም ያለ የለም። መኪና መውደድ ነውር ነው የሚል ሰው በዚህች መጽሔት አዘጋጆች መካከል አይገኝም፤ ግማሾቻችን መካኒካል ነን፣ የተቀረነውም ሞተር ሲነሣ ጆሯችን ይቆማል። ጠባችን ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከአወዳደሱ ጋር ነው። የፈጠራ ታሪክ እየተባለ የሚወራልን ታሪክ ከጭራው ተይዞ ነው የሚነበበው። እስቲ አንድ ጊዜ ከራሱ እንያዘው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1888 ነው። ካርል ቤንዝ ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 የፓተንት ማመልከቻ ያስገባበት (ቁጥሩ 37435 የሆነው) ተሽከርካሪ ገዢ አጥቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ቤርታ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ እናቷ አገር ወደ ፕፎርዝሃይም ተነሣች። መንገዱ 106 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መኪናውም ሦስት ጎማ ብቻ ያለው ነበር። (ባጃጅን ለሚንቁ ወንድሞቻችን ይህን በአክብሮት እናቀርባለን።) ማደያ የሚባል ነገር ገና ስላልነበረ ቪስሎኽ በምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ ለእድፍ ማስለቀቂያ የሚሸጥ ፈሳሽ ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ እምቢ አለ፤ ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ፍሬኑ እየተበላ አለቀ፤ እሷም አንድ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። ዛሬ የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር አያቱ ይኸው ቆዳ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ መኪናው ዳገት የሚወጣበት ተጨማሪ ማርሽ ተሠራለት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዚህ ኩባንያ የፈጠራ ታሪክ ራስ ላይ የተቀመጡት አንዲት ሴት፣ አንድ ጫማ ሰፊና አንድ መድኃኒት ሻጭ ናቸው። አዲስ ነገር የተገኘው ከቅንጦት ሳይሆን ከዳገትና ከቁልቁለት ነው።

እኛስ ምን አለን? ዳገትና ቁልቁለት! ሌላው ቢጎድል ይህ አልጎደለንም። ደሴ ጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር 1,900 ሜትር ግድም። በመካከሉ ሐረጎ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል እንወርዳለን። አሁን እርሳስ አንሡ። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ወደ 118 ሚሊዮን ጁል ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ይህ ከ350 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ታዲያ ሙቀቱ የት ይሂድ? ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከያዘው ሞተሩ ይካፈለዋል። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከለቀቀው ግን ሁሉም ታምቡሩ ላይ ይከመራል፤ ታምቡሩ ይሰፋል፣ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ይተዋል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ያ የተቃጠለ ሽታ የዚህ ስሌት መልስ ነው። ቤርታ ቤንዝ ብትሸተው ታውቀዋለች።

በዚህ መንገድ የሚወርደው ማነው? በድሮ ጊዜ ከአሰብ ጨው፣ ነዳጅና ሸቀጥ ጭኖ የሚወጣው ፊያት ነበር። ዛሬ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት ሲኖትራክ፣ ተሳቢው፣ ኢሱዙው፣ ሚኒባሱ ነው። ለመኪና «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣ ሕዝብ ስለ ፍሬን የሚያስበውን ነግሮናል፤ እኛ ግን ስለ 942 ነጥቦች እንከራከራለን!

ጓደኞቻችን የሚያነሡት መልስ አለ፤ ደካማም አይደለም። «ዛሬ የሀብታሙ የሆነ ነገ የሁሉም ይሆናል። ቅንጦቱ ፈጠራውን ይከፍልለታል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል» ይላሉ። ማስረጃም ይቆጥራሉ። ቤላ ባሬኒ የተባለው መሐንዲስ በግጭት ጊዜ የመኪናው አፍንጫና ጅራት እየተጨማደደ ተሳፋሪው ያለበት ክፍል እንዲተርፍ የሚያደርግ ንድፍ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1959 መንገድ ላይ ዋለ። በ1978 ጎማ ሳይቆለፍ የሚይዘው ኤ ቢ ኤስ የተባለው ፍሬን ከቦሽ ጋር ተሠርቶ በትልቁ ኤስ ክላስ ላይ ተገጠመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአየር ከረጢቱ ተከተለ። ይህን ሁሉ የሚክድ ሰው ወይ አላነበበም ወይ ቀንቷል። ትልቅ ሥራ ነው፣ ስንት ነፍስ አድኗል።

ግን ወደ ታች እንዴት ወረደ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚደበቀው። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኢ ኤስ ፒ እ.ኤ.አ. በ1995 በውዱ ሞዴል ላይ ብቻ ወጣ። በ1997 ኩባንያው ኤ ክላስ የተባለችውን ትንሽ መኪና ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የስዊድን የመኪና መጽሔት ሰዎች ድንገት መንገድ ላይ ከገባ እንስሳ የመሸሽ ፈተና ቢሰጧት (እዚያ ኤልክ ነው፣ እዚህ ላም ወይ አህያ በሉት) ተገለበጠች። ዓለም ሳቀ። ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ፣ መኪናዋን አስተካክሎ፣ ያንን ለሀብታም ብቻ ያስቀመጠውን ኢ ኤስ ፒ በእያንዳንዷ ኤ ክላስ ላይ ገጠመ። ማን አወረደው? ቅንጦቱ? የአንድ መጽሔት ብዕርና የሕዝብ ሳቅ ነው እንጂ! ከዚያም በኋላ ቢሆን አውሮፓ ውስጥ ለማንኛውም አዲስ መኪና የግድ የሆነው በሕግ ነው፤ በኖቬምበር 2014። ከኤስ ክላስ እስከ ሕጉ 19 ዓመት። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ደግሞ ለዓለም የደረሰው ቮልቮ ፓተንቱን ለሌሎች ክፍት ስላደረገው ነው። ስለዚህ ነገር በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚወርደው ሐረጎ ላይ ብቻ ነው። ፈጠራን ማውረድ የሰው ጉልበት ይጠይቃል።

እዚህ አገር ደግሞ ገና ብዙ አልወረደም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። ለፋሲካ ወደ አገራችን ስንሳፈር ቀበቶ ያለው ወንበር ስንቶቻችን አግኝተናል? 1959 የሚባለው ዓመት ለእኛ አውቶቡሶች መቼ ይሆን የሚጠባው?

በሚያብረቀርቀው ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍም አለ፣ በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1944 የዳይምለር ቤንዝ ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ በግዳጅ የሚሠሩ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ። ይህን ኩባንያው ራሱ አምኖ ጽፎታል። በ2020 ደግሞ በናፍጣ መኪናዎቹ የጭስ ምርመራን ለማታለል የሚያገለግል ሶፍትዌር ተጠቅሟል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን ክስ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ዘጋ። ለማታለልም መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ ያውም ጎበዝ መሐንዲስ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ምኒልክ በቤንትሌይ ተጓዙ እያላችሁ የምትከራከሩ፣ እባካችሁ ተዉ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ያመጣላቸው ሲድሊ የሚባል መኪና ነው፤ ቤንትሌይ የሾፌሩ ስም ነው። የቅንጦቱ ቤንትሌይ ፋብሪካ የተቋቋመው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወሎ ግን መኪናን በብዛት ያየችው በስጦታ መልክ አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ተነሥቶ በዚህ በእኛ ደጃፍ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት የጣልያን ናቸው፤ መኪና የሚለውም ራሱ። ቢሆንም ቃሉን የእኛ አደረግነው። የስፌት መኪና አልን፣ የጽሕፈት መኪና አልን፣ ይህችን ገጽ ያተመውንም የማባዣ መኪና አልን። ለአባቶቻችን መኪና ማለት ሥራ የሚሠራ ነገር ሁሉ ነበር። ኮከብ የለጠፈ ብቻ መኪና የሆነው በእኛ ዘመን ነው።

በ1965 እና በ66 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ የተራበው ገበሬ ወደዚሁ አስፋልት ወርዶ የሚያልፈውን መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። በሚያዝያ 65 ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ያንን ፎቶግራፍ አንሥተው ወስደው ግቢያቸው ውስጥ ለተማሪው አሳዩት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስዋገን ነው፤ በዋዜማው የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥቱ ድሎት ጋር እያፈራረቀ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው ቮልሷን እንደ ፍትሕ ይተርካታል። እኛ ሌላም ነገር ይታየናል። ሰውን በትንሽ መኪና አዋረድኩ የሚል፣ ትልቁ መኪና ክብር ነው ብሎ አምኗል ማለት ነው። እምነቱ ከዙፋኑ ጋር አልወረደም። ይኸው እስከ ዛሬ ባለሥልጣን ሲመጣ የምንቆጥረው የመጣበትን ጉዳይ ሳይሆን ቪ ኤይቶቹን ነው።

አዲሶቹ ሞዴሎች ምንም አይጠቅሙንም ወይ? እንዴት አይጠቅሙም! ጓደኞቻችን ስክሪኑን ሲያዩ ያመለጣቸው ትልቅ ነገር እዚያው ውስጥ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ይሠራል፤ ያ ታምቡር የሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ባትሪው ይመለሳል። 12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚያራግፈው 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ግማሹ እንኳ ቢመለስ 10 ነው፤ ፍሬኑም ይተርፋል። በዓለም ላይ ለዚህ ቴክኖሎጂ የተፈጠረ መንገድ ካለ ሐረጎ ነው! መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መልካም። ግን ለውጡ የጀመረው ከማን ነው? ከቤት መኪና ገዢው። ባትሪ መሙያውም በብዛት የተተከለው አዲስ አበባ ነው። ቁልቁለቱን በቀን አራት ጊዜ የሚመላለሰው ሚኒባስና 20 ቶን የተሸከመው መኪና እንደ ጥንቱ በሸራና በታምቡር ይወርዳሉ። «አብሽር፣ ይደርሳል» የሚለን ካለ፣ የኤ ክላስን ታሪክ ደግመን እንነግረዋለን።

ለአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ግልጽ ሐሳብ አለን። የመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚመረጥበት ጊዜ ደርሷል፤ ዘንድሮም የስፖርት መኪና ቅርጽ በኮምፒዩተር ሥሎ ለማቅረብ የተዘጋጀ እንዳለ ሰምተናል። ንፋስ በሌለበት ወረቀት ላይ ስለ ንፋስ ከመጨነቅ ሐረጎን አጥኑ። መኪና ቦሎ ሲያወጣ ፍሬኑ የሚፈተነው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በሜዳ ላይ፣ ባዶውን ነው። ተጭኖና ግሎ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚያሳይ ቁጥር ብናቀርብ የቦሎን ሕግ ለሚያወጣው ክፍል የምናስረክበው ነገር ይኖረናል። ለዚህ የጀርመን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆሞ የሚወርደውን መኪና ታምቡር ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ክብደቱንና የወረደበትን ማርሽ የሚጽፍ ደብተር፣ ሻይ የተጋበዘ ፈቃደኛ ሾፌር ይበቃል። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ያውቃሉ፤ ማንም ስለማይጠይቃቸው ዝም ብለው ነው።

መሳተፍ የሚፈልግ ስሙን ለአዘጋጆቹ ይስጥ። እስካሁን ሦስት ሰዎች ተመዝግበናል። ደብተሩ ተገዝቷል፣ ሁለት ሾፌሮችም እሺ ብለውናል። የቀረን ቴርሞሜትሩ ነው።