ተረቱን የተወ ቤት



እዚህ ቦንጋ ልጁን እኔ ዘንድ የሚያስቀራ አንድ አባት በቅርቡ የልጁን ስልክ ይዞ መጣና «ኡስታዝ፣ ይህን ጩኸት ሲሰማ ያመሻል፤ ይምከሩልኝ» አለኝ። ጩኸት ያለው ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ነርሰሪ ክራይም» የተሰኘ አልበም ነው። ስሙ የሕፃናትን ግጥምና ወንጀልን ያዳቀለ ነው። ልጁን ጠርቼ ምን እንደሚሉ ብጠይቀው «ተረት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከመጀመሪያው ዘፈን ጋር የተጻፈው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ሲንቲያ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ በጨዋታ መሐል የሄንሪን ራስ በመዶሻ ትቆርጣለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሙዚቃ ሣጥኑን ስትከፍት መንፈሱ ብቅ ይልና በቅጽበት ያረጃል። ሞግዚቷ ሣጥኑን ወርውራበት ሁለቱም ይጠፋሉ።

ልጁ ይህን ሳያዛንፍ ነገረኝ። «እስኪ የአያትህን ተረት ደግሞ ንገረኝ» ስለው ግን አንድም አያውቅም። አያቱ እኮ በካፊኖኖ ተረት የጠገቡ እናት ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ነው!

ወላጆች ሆይ፣ በሐቅ እንነጋገር። ስለ ሙዚቃ ዑለማዎች የሚሉትን ለእነርሱ ልተው። እኔ የምለው፣ ስልክ መንጠቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም ነው። ባዶ ጆሮ ሌላ ተራኪ ይፈልጋል። እነዚያ እንግሊዞች የሕፃንነት ተረታቸውን አበላሹት ብንል እንኳ፣ ለማበላሸትም መጀመሪያ ሰምተውታል። የእኛ ልጆች ምን ሰሙ? አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ብዙዎቻችን ሥራውን ለእርሳቸው ትተን ተኛን። እርሳቸውም በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

«ተረት ውሸት ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ዝንጀሮ ዳኛ ሆነ ሲባል ልጁ ዝንጀሮ ችሎት ይቀመጣል ብሎ አያምንም፤ ፍርድ ሲጓደል ምን እንደሚመስል ግን ይገባዋል። እኔም ብሆን ቂርኣት ላይ ተረት የሚያወሩ ልጆችን ስገሥጽ ኖሬአለሁና ወቀሳው እኔንም ይነካል።

ተረቱን ለሌላ የተወ ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት ከካፋ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ልጆቻችን የካልዲንና የፍየሎቹን ታሪክ የአገራቸው ተረት አድርገው ይደግሙታል። ይህ የእረኛ ታሪክ ግን ፋውስቶስ ናይሮን በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የተሠራጨ ነው። በዚያ መጽሐፍ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስምም ካፋም በኋላ የመጡ ናቸው። የማንኪራ ጫካ ጎረቤት የሆነ ልጅ ስለ ገዛ ቡናው ከሮም የመጣ ታሪክ እየነገረን፣ አያቶቹ ስለዚያው ቡና የሚሉትን ማን ጠየቀ?

ስለዚህ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ለልጆቻችሁ ስጡ። የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ ንገሯቸው፤ ከዚያም አያትን ጥሩ፣ እርሳቸው በቋንቋቸው ያውጉ፣ እናንተም ከልጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ ስሙ። ያ አባት ስልኩን ይዞ ሄዷል። እናቱን ከልጁ ጋር አስቀምጦ እንደሆነ ሳገኘው እጠይቀዋለሁ፤ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ ቤታችንን የወግ ቤት ያድርግልን፤ አሚን።