ለልጆቻችን የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንዴት እንንገራቸው?



ልጅ የሚያድገው በእንጀራና በወተት ብቻ አይደለም፤ በሚሰማውም ታሪክ ነው። በልጅነቱ ያደነቀውን ሰው በጕልምስናው ሊመስል ይጣጣራል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ የሚያበላውን እህል አበጥሮ እንደሚያስፈጭ ሁሉ፥ የሚነግረውንም ታሪክ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመምከር ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝን ዕፍረት ለመናገር ጭምር ነው።

ዐሥር ዓመት ለሆናት ልጄ በአሜሪካ አገር የሚኖር ዘመዳችን ስለዚያ አገር ታላላቅ ሰዎች የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላከላት። በመጽሐፉም ውስጥ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሕፃን ሳለ የአባቱን የቼሪ ዛፍ በመጥረቢያ እንደ ጐዳ፥ አባቱም በጠየቀው ጊዜ መዋሸትን ጠልቶ ጥፋቱን እንዳመነ የሚገልጽ ታሪክ ነበረ። ልጄ ይህን አንብባ እጅግ ደስ አላትና «አባዬ፥ የኛስ ንጉሥ ላሊበላ በልጅነቱ እንዲህ ያለ ምን አደረገ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የማውቀው ጥቂት ስለ ነበረ፥ አላውቅም ማለትንም ስላፈርሁ፥ ላሊበላ በልጅነቱ የእናቱን ማሰሮ ሰብሮ እውነቱን እንደ ተናገረ አድርጌ ከልቤ ፈጥሬ ነገርኋት። እርሷም አምና ተቀበለችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለገና በዓል ወደ ላስታ ወጣን። የደጋው ብርድ፥ ነጭ ለብሶ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ፥ በቤተ ማርያም ግቢ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የሚዘምሩት ካህናት ልጅቱን እጅግ አስደነቋት። በማግሥቱ በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አንድ አረጋዊ ካህን ለልጆች ስለ ንጉሡ ሲያስረዱ፥ ልጄ ቀልጠፍ ብላ የማሰሮውን ታሪክ ተናገረች። ካህኑ እስክትጨርስ አዳምጠው፥ «ልጄ፥ እኔ ገድሉ ሲነበብ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ይህን ግን አልሰማሁም። ከየት አገኘሽው?» አሏት። ልጄ አንድ ቃል ሳትመልስ ዘወር ብላ ወደኔ ተመለከተች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ማታ ባረፍንበት ቤት ካሳዘነኝ ሁሉ የበለጠ ያሳዘነኝ ጥያቄ መጣ። «አባዬ፥ እንግዲያስ ንቦቹም ውሸት ናቸውን?» አለችኝ። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከብበውት እናቱ በዚህ ምልክት ንጉሥ እንደሚሆን ዐወቀች፥ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው የሚለውን ማለቷ ነበር። እነሆ የሐሰት ጕዳቱ! አንዲት የፈጠራ ማሰሮ፥ ብዙ ትውልድ ሲቀባበለው የኖረውን ሁሉ በልጅ ልብ ውስጥ ልትሰብረው ነበር።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ የዋሽንግተንን ታሪክ መርምሬ ባነብ ይብሱን አፈርሁ። ዋሽንግተን የሞተው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1799 ነው። የዛፉ ነገር ግን ዊምስ የሚባል ሰባኪ ስለ እርሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በ1806 እትም የተጨመረ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንትም እንደ ፈጠራ ይቈጥሩታል። ልጆችን እውነት እንዲናገሩ ለማስተማር ሐሰት ተነገራቸው ማለት ነው። እኔም ሳላውቅ የዚያን ሰባኪ መንገድ ተከትዬ ኖሯል።

ስለዚህ ለልጄ ጥፋቴን ነግሬ ይቅርታ ከጠየቅኋት በኋላ፥ አንድ ደብተር አምጥተን ገጹን በሦስት ዐምድ ከፈልነው። በፊተኛው «ያየነው»፥ በሁለተኛው «የተጻፈው»፥ በሦስተኛው «የሚነገረው» ብለን ጻፍንበት። ይህ ዘዴ ለማንኛውም ቤት ስለሚጠቅም አፈጻጸሙን እገልጻለሁ።

ባየነው ዐምድ ውስጥ የገባው ይህ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠሩ ሳይሆኑ ከአለቱ የተፈለፈሉ ናቸው። በመስቀል ቅርጽ የተጠረበው ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይጠልቃል። ጠራቢዎቹ የጀመሩት ከጣራው ነው፤ መሠረቱ መጨረሻ ነበረ። ዙሪያውን ቈፍረው አለቱን ለብቻው ካቆሙት በኋላ ውስጡን ፈለፈሉት። ከከተማው ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያንም አየን፤ እርሱ ግን የተፈለፈለ ሳይሆን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸ ነው። በነአኵቶ ለአብ ዋሻም ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውኃ የድንጋይ ገበቴዎች ተቀምጠው ሲቀበሉት ተመለከትን።

በተጻፈው ዐምድ፥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ እንደ ነገሠ፥ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ እንደ ጻፈ፥ አንባቢዎቹም እንዳያምኑት እንደ ሰጋ አገባን። ሊቃውንት አንዳንዶቹ ሕንጻዎች ከንጉሡ ዘመን አስቀድሞ ሳይጀመሩ እንዳልቀሩ መናገራቸውንም አልደበቅኋትም። ገድሉ ንጉሡ ካረፈ ብዙ ዘመን ቈይቶ የተጻፈ መሆኑንም አስረዳኋት።

በሚነገረው ዐምድ ደግሞ መላእክት ሌሊት ሌሊት ከጠራቢዎቹ ጋር መሥራታቸው፥ ንግሥት መስቀል ክብራ ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት ማሠራቷ፥ ወንድሙ ሐርቤ በላሊበላ ላይ መቅናቱ ገባ። የንቦቹ ነገር በሕዝብ አፍም በገድሉም ስላለ፥ ልጄ በሁለቱም ዐምድ እንዲጻፍ ፈረደች። እኔም «ይነገራል ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ አባቶችሽ በእምነትና በፍቅር ጠብቀው ያቈዩት ነው፤ ስትናገሪው ግን ‹ገድሉ እንዲህ ይላል› እያልሽ ተናገሪ» አልኋት። እንዲህ ሲሆን እምነትም ታሪክም እያንዳንዳቸው ክብራቸውን ይዘው ይኖራሉ።

ልጄ ቀጥላ «ድንጋዩን በመሮ የጠረቡት ሰዎች ስማቸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ ታሪክ መፍጠር አላስፈለገኝም። «ስማቸውን አላውቅም፤ የመሮአቸውን ምልክት ግን በግድግዳው ላይ በጣትሽ ነክተሽዋል» ብዬ መለስሁላት። በደብተሩም ላይ ለእነርሱ አንድ ባዶ መስመር ተወችላቸው። ደግሞ የሥራቸውን ድካም እንድታውቅ አንድ ቍራጭ ሳሙናና ደንዝ ቢላዋ ሰጥቼ፥ ከላይ ወደ ታች አንዲት ትንሽ ቤት እንድትፈለፍል አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ምሰሶው ተሰበረባት። በሦስተኛው «አባዬ፥ እነርሱ ቢሳሳቱ የቈረጡትን መልሰው መቀጠል አይችሉም ነበር» አለች። ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ብነግራት ኖሮ እንዲህ አይገባትም ነበር።

በዚሁ ዘዴ ወደ አሜሪካኖቹ ተመለስን። ዋሽንግተን ጦር መርቶ አገሩን ነጻ ማውጣቱን፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1789 እስከ 1797 ፕሬዚዳንት ሆኖ ከሁለት ዘመን በኋላ ሥልጣኑን በፈቃዱ መልቀቁን ጻፍን። ባሮች እንደ ነበሩት፥ በኑዛዜውም ነጻ እንዲወጡ ማዘዙን አብረን አገባን። የታላቅ ሰው ጕድለት ከልጅ ቢሸሸግ፥ ኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማው በጎነቱንም ጭምር ይክዳልና። ከዚህም ጋር ለኛ የሚቀርበውን ጆን ሮቢንሰንን ጨመርን። ይህ ጥቍር አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ የጣልያን ጦር ሊመጣ ሲል በ1927 ዓ.ም. ከቺካጎ መጥቶ አነስተኛውን የኢትዮጵያ አየር ኃይል መራ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ የኛን ልጆች አብራሪነት አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. በዚሁ በአገራችን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስ መዝገብ እንዲገቡ በ1970 ዓ.ም. የተወሰነው በዋሽንግተን ከተማ በተደረገ ጉባኤ መሆኑን ስነግራት፥ ሁለቱን አገሮች በመስመር አገናኘቻቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ክብራችሁን አይቀንስም። ሽማግሌ ጠይቁ፥ መጽሐፍ ግለጡ፥ ቢቻላችሁም ልጁን ወደ ቦታው ወስዳችሁ በእጁ ይንካው። የሚታየውን ታየ፥ የተጻፈውን ተጻፈ፥ የሚነገረውን ይነገራል በሉት። ልጅን ከሐሰት የሚጠብቀው የዛፍና የማሰሮ ተረት ሳይሆን በቤቱ የሚያየው የወላጁ ሥራ ነው።

ደብተሩ አሁንም በቤታችን አለ። ከሦስቱ ዐምዶች ቀጥሎ በጠባቡ ጠርዝ ላይ ልጄ አራተኛ ዐምድ አስምራ «አባዬ የፈጠረው» ብላ ጽፋበታለች። በሥሩ ያለችው ማሰሮዪቱ ብቻ ናት፤ ሌላ እንዳይጨመርባትም እጠነቀቃለሁ።