የደም ግፊታችን አእምሯችንን ሳይወስድብን

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከመካከላችን የአንዱ ሐሳብ ሲዘገይ፣ እርምጃው ሲያጥርና ሲጎተት፣ ለዓመታት የያዘው የዕቁብ ሒሳብ ሲምታታበት «ጃጅቷል» ብለን እናልፈዋለን። እባካችሁ ይህን ቸልታ እንተው። ከበስተጀርባው ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት ወይም ስኳር ሊኖር ይችላል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ወደ ጥልቁ ክፍሉ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ግፊት እነዚህን ሥሮች ያደነድናቸዋል፣ ያጠባቸዋልም። የመስኖ ውኃ ሲያንስ ከቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ በደም እጥረት መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ጥልቅ ክፍል ነው። ራስ ምታት የለ፣ አፍ መጣመም የለ፤ ሰውየው ጤነኛ ነኝ እያለ ይጎዳል።

ይህን ስውር ጉዳት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ነጫጭ ጠባሳዎችን፣ ከ15 ሚሊሜትር የማይበልጡ ጥቃቅን ጉድጓዶችን፣ የደም ጠብታ የተወውን ምልክት ያወጣል። ሲቲ ስካን ከእነዚህ ብዙዎቹን ይስታል። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆነና የመርሳት በሽታ ያልነበረባቸው ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ያስደነግጣል፤ ሳይታወቃቸው ትንንሽ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ምስሉ ግን ብቻውን አይፈርድም። በእኛ ዕድሜ ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ በብዙ ሰው ላይ ይታያል። ሐኪሙ የማስታወስና የማሰብ ችሎታችሁን በጥያቄ ፈትኖ፣ አካሄዳችሁን አይቶ፣ ከምስሉ ጋር ሲያገናዝበው ነው ትርጉም የሚኖረው። ልጆቻችን ከውጭ በላኩት ገንዘብ ምስሉን ተነሥተን፣ ውጤቱን ከሣጥን ከትተን የግፊት ክኒናችንን የምንተው አለን። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለኤምአርአይ አቅም የሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ግፊት በየጤና ጣቢያው ይለካል። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማውረድ የታከሙት ሰዎች፣ ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ቀላል የማሰብ ችሎታ መቀነስ በ19 በመቶ ያነሰ እንደደረሰባቸው አሳይቷል፤ የነጩ ጠባሳ መስፋፋትም ዘግይቷል። ቁጥሩ ለእናንተ ስንት ይሁን የሚለውን ግን ሐኪማችሁ ይወስን፤ በራሳችሁ መጠን አትጨምሩ፤ ከመጠን በላይ የወረደ ግፊት ያዞራል፣ ይጥላል።

ጾሙንም ጸበሉንም አትተዉ፤ በእነሱ ምክንያት ግን መድኃኒት አታቋርጡ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለውጡን ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነውና። የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ በዚህ ሳምንት ተለኩ።